በትራቸውን ቤት ያስቀሩ ሴቶች

…ብርድ ነው እንዳትል ፀሐይ ወጥታለች፣ ጭጋጉ ከጭላሎ ትከሻ ላይ ተገፎ አልቋል፣ ታዲያ ለምንድን ነው ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን ከሻርባቸው ስር የደበቁት? አንዷ ብትሆን ቁስል ይኖራታል ትላለች እታገኘሁ በሆዷ፣ ሁለት ቢሆኑ ተያይተው ነው ትላለች፣ ግን ሁሉም፣ ከወንዶቹ ጀርባ ሳሩ ላይ ተቀምጠው፣ እጅ እንዳልተፈጠረላቸው፣ አፋቸውም እንደ እጃቸው። ዝም። ትናንት ሰኪና ቤት አፍ ለአፍ እየተሻሙ ሲናገሩ የነበሩት እነዚሁ ናቸው? ዝም አይነቅዝም ትላለች የእታገኘሁ እናት ደብረ ብርሃን ሆና፣ አይ እማዬ፣ የዛሬው ዝምታ ግን ነገ ጠዋት ይታረሳል።

ነገ ነው ትራክተሩ የሚመጣው። የመሬቱ ጌታ ግራዝማች በዛብህ ትራክተር ተከራይተዋል፣ ትራክተር ካለ ደግሞ በሬ የለም፣ በሬ ከሌለ ጭሰኛ ለምኔ፣ ልቀቁ ብለዋል፣ የሰኪና ጎጆ ከነልጆቿ ከነጓሮ ጎመኗ ከትልሙ መሃል ገብታለች። ባሏ ካረፈ ዓመቱ ነው። እታገኘሁ አሰላ ካለው ቢሮ የተላከችው እናቶችን የሕፃን ገንፎና የልብስ ስፌት እንድታስተምር ነው፣ አስተምራለችም፣ ግን የገንፎው እህል የሚዘራበት መሬት ሲሄድ ምን ልታስተምር ነው፣ ማማሰል? ስለዚህ ደጅ ጠናች፣ ለመነች፣ ነዘነዘች፣ ነዝንዛም ይኸው አቶ ገብረ መድህንን ከአዲስ አበባ አስመጣች፣ የጭሰኛውን ኑሮ አጥንቶ ለሕጉ ረቂቅ የሚያቀርበውን ባለሥልጣን፣ ከሳጉሬ ወዲህ በላንድሮቨር ሲንገጫገጭ መጥቶ እርሻው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ። በግድ ነው የሚለቁት ከተባለ ትራክተሩን ያስቆማል፣ ያንን ማድረግ ይችላል፣ በራሱ አፍ ብሏታል። በፈቃዳቸው ነው ከተባለ ግን ያው በፈቃዳቸው ነው። የሚሰማውም ዛሬን ብቻ ነው፣ ምሳው አሰላ ነው።

በፈቃዳቸው ነው ጌታዬ፣ እያሉ ነው ግራዝማች፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ቅቤ የጠጣ፣ እኔ እኮ ልጆቼ ናቸው የምላቸው፣ ዘመኑ ሰለጠነ፣ እነሱም ቆላ ወርደው ሰፊ መሬት ያገኛሉ፣ ይኸው ራሳቸው ይናገሩ። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ነው ነገሩ፣ እዚህ አገር ደግሞ ግራዝማችም አይከሰሱም። እሱንስ እታገኘሁ ታውቃለች፣ ወንዶቹ ዓመት ሙሉ የሚበሉት በግራዝማች ፊት ባሳዩት ፊት ነው፣ ለዚህ ብላ ነው ተስፋዋን ሴቶቹ ላይ የጣለችው፣ ሰኪና ላይ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ ነው ሰኪና፣ እሷ ከተናገረች ሌሎቹ ይከተላሉ።

ሌላ የሚናገር አለ? አቶ ገብረ መድህን ነው። ሴቶቹ ጋ ያያል። እታገኘሁ ለሰኪና በዓይኗ ትጠቅሳታለች፣ ተነሺ፣ በይ ተነሺ እንጂ፣ ሰኪና ዓይኗን ትሰብራለች። ሰኪና! ዓይን መስበር የት ታውቃለች? ፈራች? አልፈራችም፣ የፈራ ሰው ትከሻው ይሰበሰባል፣ የእሷ ትከሻ ቀጥ ብሏል፣ ፊቷ ነው የተጨነቀው፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ እራቁቷን ሰው ፊት የወጣች ሴት ፊት ነው። ምንድን ነው የጎደለው? አንድ ነገር ጎድሏል፣ ታየዋለች፣ አታውቀውም፣ ልክ ጎረቤት መነጽሩን አውልቆ ሲመጣ ምኑ ተለወጠ እንደሚባለው።

ጎንበስ ብላ ወደ ኋላ ታልፋለች፣ ሳሩ ላይ ከሰኪና ጎን ትቀመጣለች፣ እትዬ ሰኪና፣ ምነው? በኦሮምኛ ነው የምትጠይቃት፣ ስብርብር ባለው ኦሮምኛዋ፣ ማሊፍ? ለምን? መጀመሪያ የተማረችው ቃል ይህ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያልጠየቀችው የለም፣ ማሊፍ ላሟ ዛሬ አትታለብም፣ ማሊፍ አራስ ከጓዳ አትወጣም፣ የሰፈሩ ልጆች ስሟን ትተው ማሊፍ መጣች ይሏታል። ሰኪና እጇን ከሻርቡ ታወጣለች። መዳፏን ትዘረጋለች። ባዶ። አየሽ? ትላለች በሹክሹክታ፣ ምን ይዤ ልነሳ? አንቺው ነሽ ሲንቄውን ተዉት ያልሽ።

ሲንቄው። ያ ቀጭኑ በትር።

አዎ ብላለች። ትናንት ማታ ከቤት ልትወጣ ስትል፣ አንድ ነገር ደግሞ፣ ነገ ያን በትራችሁን እንዳትይዙ፣ እቤት ይቀመጥ፣ ባለሥልጣን ነው የሚመጣው፣ ዱላ ይዘው መጡ ከተባለ ግራዝማች ሽፍቶች ናቸው ይሉናል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ሰኪና በእጇ ዝም አሰኘቻት። ያኔ ነበር ማሊፍ ማለት! እስከ ላምና አራስ ድረስ የምትጠይቅ ሴት ዋናው ነገር ላይ ስትደርስ መመሪያ ሰጥታ ወጣች፣ ለምን? መሽቶባት፣ ቸኩላ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ደግሞ ዱላ ዱላ ነው ብላ፣ በእሷ አገር ዱላ የሚይዘው ወንድ ነው፣ የሚይዘውም ለውሻ ወይም ለባላንጣ ነው፣ አቤት ባይ ሴት ድንጋይ ተሸክማ ታለቅሳለች እንጂ ዱላ አትይዝም። እንዴት የሁሉም አገር ዱላ አንድ ይሆናል?

ታዲያ ለምን እሺ አላችሁኝ? ትላለች፣ ከመቆጣትም ከመገረምም። የመንግሥት ሰው ነሽ፣ ትላለች ሰኪና፣ የመንግሥትን ወግ ታውቂያለሽ አልን። ደግሞ ትጨምራለች፣ ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚያስረዱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ባዶ እጄን እዚህ ሸንጎ ብቆም ሴትዮዋ ለፈለፈች ይሉኛል፣ ወንዶቹም ተቀመጪ ይሉኛል፣ ወግ ነው። እናቴ በሰርጌ ቀን የሰጠችኝን ይዤ ብቆም ግን እናት ቆመች ይላሉ። ያኔ ማንም በፊቴ አያልፍም፣ ሳልጨርስም ማንም አይናገርም። ግራዝማችም? ትላለች እታገኘሁ፣ እሳቸው የእናንተ ሰው አይደሉ። ሰኪና ጥርሷ ብልጭ ይላል፣ እዚሁ ተወልደው ነው ያረጁት፣ ታዪያቸዋለሽ።

ታዪያቸዋለሽ አለች? መቼ? ሰኪና ተነስታለች። ሌሎቹም ተነስተዋል፣ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ፣ ሻርባቸውን እያጠበቁ ሸንተረሩን ይወርዳሉ፣ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው፣ ገደል ወርዶ ገደል ወጥቶ፣ እስኪመለሱ ድረስ… አቶ ገብረ መድህን ቀና ይላል፣ የት ነው የሚሄዱት? ግራዝማች ይስቃሉ፣ አየህልኝ ልጄ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ጥሎ ይሄዳል? ወደ ጓዳቸው ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ካየን፣ ይላል አቶ ገብረ መድህን፣ ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ ያነሳል።

ሊሄድ ነው። ምን ትበል? በትር ሊያመጡ ሄዱ ልትል ነው? ያኔማ ፖሊስ ጥሩ ነው የሚባለው። ቆዩልኝ? ለምን ሲላትስ? ምን ታውቃለች እሷ፣ ገንፎና መርፌ፣ ደግሞ መጠየቅ። መጠየቅ! አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ትላለች፣ ሳታስበው፣ ስለ ሕጉ። ሕጉ ስትለው ፊቱ ይለወጣል፣ የሚገርም ነው፣ ጫማውን ሲፍቅ የነበረው ሰውዬ ሌላ ሰው ይሆናል፣ የመሬት ባለቤትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለመወሰን የተረቀቀው ማለትሽ ነው? እሱን። ጭሰኛ ያለ ማስጠንቀቂያ አይነሳም ይላል? ይላል፣ ይላል እንጂ! ለጎጆውና ለደከመበትስ? ካሳ፣ እኔ ራሴ ነኝ ያረቀቅኳት ያቺን አንቀጽ። ባርኔጣው ተመልሶ ጉልበቱ ላይ ቁጭ ይላል። ባሏ የሞተባትስ ሴት፣ ውሉ በባሏ ስም ከሆነ? እሱን… እሱን አላሰብንበትም፣ ይላል፣ ጣቱ አገጩ ላይ። ለምን አላሰቡበትም? እየጠየቀች ያለችው ለማዘግየት እንደሆነ ረስታዋለች፣ የምር ማወቅ ፈልጋለች፣ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሰኪናን እንዴት ረሳት? አሁን ረቂቁ የት ደረሰ? ምክር ቤት ነው። ምክር ቤት የት? ኮሚቴ። ኮሚቴውስ? ይዞታል። እዚያ ኮሚቴ ውስጥ ጭሰኛ አለ? ሲስቅ አየችው፣ የደከመው ሰው ሳቅ፣ የኔ እህት፣ መሬት የሌለው እዚያ አይገባም። ታዲያ በራሳቸው መሬት ላይ ራሳቸው ናቸው የሚፈርዱት? ግራዝማች ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ፀሐዩ በረታ እኮ፣ ምሳም ይቀዘቅዛል። አቶ ገብረ መድህን እንደነቃ ሰው ሰዓቱን ያያል። እውነትዎን ነው፣ ይላል፣ ይነሳል፣ ሾፌሩን ሀሰኖን፣ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ይጠራል፣ አስነሳው። ሞተሩ ይጮኻል፣ አለቀ፣ ወንዙ ጋ ታያለች፣ ምንም የለም፣ እናንተ ሴቶች፣ እናንተ ሴቶች ፍጠኑ እንጂ።

ከሞተሩ ድምፅ ስር ሌላ ድምፅ አለ። ዘፈን ነው? ለቅሶ ነው? ሁለቱም አይደለም፣ ዝግ ያለ፣ አብሮ የሚተነፍስ። መጀመሪያ የሚታየው የበትሮቹ ጫፍ ነው ከገደሉ አፋፍ በላይ፣ ከዚያ ሰኪና፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ ከዚያ ደግሞ ትናንት ያልነበሩ፣ ከማዶ መንደር ያሉ፣ አሮጊት፣ ነፍሰ ጡር። እዩ ወንዶቹን! መሬት መሬት ሲያዩ የነበሩት ወንዶች ተነስተዋል፣ ጥምጣማቸውን ያወርዳሉ፣ መንገድ ይለቃሉ፣ ማንም ሳያዛቸው። ግራዝማችስ? እታገኘሁ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም፣ ግራዝማች በዛብህ፣ የመሬቱ ጌታ፣ ወንበራቸውን በገዛ እጃቸው አንስተው ከመንገዱ ወደ ሳሩ ይወርዳሉ፣ በፊታቸው ላለማለፍ፣ ዓይናቸውን ሰብረው። የት ተማሩት ይህን? ከሞግዚታቸው? ከየትኛዋ ሰኪና?

ሴቶቹ ላንድሮቨሩ ፊት ይቆማሉ፣ በትራቸውን ከፊታቸው ተክለው። ሰኪና ትናገራለች፣ እታገኘሁ ትተረጉማለች፣ የምትስተውን እየሳተች፣ ባሌ ይህን ድንጋይ ለቅሞ ነው እርሻ ያደረገው ትላለች፣ ሁለት ልጅ እዚህ ቀብሬአለሁ ትላለች፣ በፈቃዴ ነው የሚለው ሰው ፈቃዴን መቼ ጠየቀኝ ትላለች። ግራዝማች አያቋርጡም። አቶ ገብረ መድህን ግን የዚህ አገር ሰው አይደለም፣ አንድ እግሩ መኪናው ውስጥ ነው፣ ሰምቻለሁ በያት፣ ለበላይ አካል አቀርባለሁ፣ እናያለን። ነገ ነው ትራክተሩ፣ ትላለች እታገኘሁ፣ ይህን ሰኪና አላለችም፣ የራሷ ነው። ሥልጣኔን ማለፍ አልችልም እዚህ ቆሜ፣ ፊርማ ያስፈልጋል፣ መነጋገር ያስፈልጋል። ብሎ ነበር እኮ ማስቆም እችላለሁ ብሎ፣ ታዲያ የት ሄደ ያ መቻል፣ ምሳው ጋ? ሀሰኖ፣ ዙርና ሂድ፣ በጎን።

ሀሰኖ ሞተሩን ያጠፋል።

ምን ሆንክ፣ ተበላሸ? ኧረ መኪናውስ ደህና ነው ጌታዬ፣ ይላል ሀሰኖ፣ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ፣ ቁልፉን እዚያው ትቶ፣ እርስዎ መንዳት ከቻሉ ይኸው፣ እኔ ግን እናት አለችኝ።

አቶ ገብረ መድህን ሴቶቹን ያያል፣ ሾፌሩን ያያል፣ ሳር ላይ የቆሙትን ግራዝማች ያያል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ዛሬ የሆነ ነገር የጠፋው ሰው ሆኖ የሚታየው፣ ወደ እታገኘሁ ዞሮ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚቆሙት? እሷም አታውቅም። እስኪመሽ? እስኪምልላቸው? ወጉ ምን ይላል? ትዞራለች፣ እትዬ ሰኪና፣ እስከ መቼ ነው ይላል። ሰኪና ጥያቄው የገረማት ትመስላለች፣ እንደ ሞኝ ጥያቄ፣ በትሯን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ታዛውራለች። እታገኘሁ ትሰማለች፣ ማለሳለስ ትችላለች፣ አስተርጓሚ ያለሳልሳል፣ አታለሳልስም፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ወደ አማርኛ ታመጣዋለች፤ የምንሄድበት ቢኖረንማ መቼ እዚህ እንቆም ነበር፣ በይው።

አቶ ገብረ መድህን እግሩን ከመኪናው ያወርዳል። በሩን ከውጭ ይዘጋል። ግራዝማች፣ ይላል፣ ትራክተሩን የሚያከራየው ሰውዬ የት ነው የሚገኘው?