ደመናና ሶሌታ

እና ደግሞ አልዘነበም፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ጠብ አላለም፣ ጣሪያ የሚሆነው የኮንክሪት ሶሌታ አይሞላም ብዬ ሠራተኛውን ሁሉ ከበተንኩ በኋላ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ሲያበራ ዋለ፣ ዛሬ ገና በግንባታው በር ስገባ ፌሮ ሠሪዎቹ ጋሼ ደመና መጡ ይላሉ፣ ይበሉ። ሚስቴም ጠዋት፣ አንተ እኮ ጃንጥላ ይዘህ ነው የተወለድከው፣ አለችኝ። ሳቅኩላት። አሠሪዬ ግን ትናንት ሲሄድ፣ ነገም ካስቆሙኝ ሌላ ፎርማን እፈልጋለሁ፣ ብሎኛል፣ አርባ ዓመት ሠርቼ በደመና ልባረር ነው እንዴ።

ጣሪያው ላይ በተዘረጋው ፌሮ ቆሜ ቀና እላለሁ፣ ያው ደመና፣ ነፋሱ እርጥብ። ይዘንባል? እንጃ። ትናንትስ መች ይዘንባል አልኩ፣ ሊዘንብ ይችላል ነው ያልኩት፣ ሰው ግን የሚያየው መጨረሻውን ነው፣ ተሳሳትክ ይሉኛል፣ አልተሳሳትኩም፣ ባወቅኩት ልክ ወሰንኩ። ብጠብቅ የምናጣው አንድ ቀን ነው፣ ጀምሬው ቢወርድብን ሲሚንቶው ይታጠባል፣ ሶሌታ ከተጀመረ ደግሞ መሃል ላይ አይቆምም፣ ከቆመ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ሰው ይተኛል። ሚዛኑ እኩል አይደለም። ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ይህን አየሁ፣ እኔ። ጥፋቴ ሌላ ነው፣ እምቢ ብዬ ቀረሁ፣ መላ አልፈለግኩም።

ዛሬ ግን ውስጤ አንድ ነገር፣ ሙላው በቃ፣ የሳቁብህን አፍ አስይዝ፣ ይለኛል፣ ይሄ ሰማዩን አይቶ የሚናገር አይደለም፣ ኀፍረቴ ነው። ዝም በል።

አሠሪዬ መሰላሉን ወጣ። እህ ጋሼ፣ ዛሬስ ሰማዩ ምን አለዎት? አልነገረኝም ልጄ። እንግዲያው እንሙላ። ሁሉንም የሚሸፍን ላስቲክ አለህ? ግማሹን የሚሸፍን አለ። ግማሽ ጣሪያ ሥር ልጆችህን ታስተኛለህ? ሙሉውን አምጣና አሁኑኑ ሚክሰሩን አስነሳለሁ፣ አይሆንም ካልክ ሌላ ፎርማን ፈልግ፣ ያውልህ መሰላሉ።

አየኝ፣ ወደ ላይ አየ፣ ስልኩን አወጣ፣ ሄሎ፣ ላስቲክ ፈልጌ ነበር፣ አዎ ወፍራሙን፣ ስንት ሜትር ልበል ጋሼ? ልኩን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ቢሆንም በእርምጃ ልድገመው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ፌሮ ሠሪዎቹ ሥራ አቁመው ያዩኛል፣ ይዩኝ፣ ይዝነብ አይዝነብ፣ ሦስት፣ ቀጥ ብዬ ነው የምራመደው፣ አራት፣