ቀስቱ ወደ ኋላ ነው

ወደ ኋላ ነው እኮ፣ የውሃ መሳቢያው ቫልቭ ቀስት ወደ ሞተሩ ነው የዞረው፣ ውሃው ወደ ላይኛው በርሜል ልውጣ ሲል ይዘጋበታል፣ ከዚያ ቱቦው ይፈነቀላል፣ ከዚያ ፈታኙ መምህር እስክሪብቶውን ያነሳል፣ ከዚያ ቡድኑ በሙሉ ዓመቱን ይደግማል፣ እሷ ደግሞ ይህን ሁሉ እያወቀች አፏን ይዛ ቆማለች። የቡድን መሪ ተብዬ።

ተናገሪ እንጂ። በየት በኩል ገብታ፣ ቦቴ የሚሉት ግዙፉ ልጅ ያንን ጎርናና ድምፁን ለቆታል፣ ባለመነጽሯ ከሥር ከሥር ትመልስለታለች፣ ማንም ለማንም ተራ አይለቅም፣ በኦንላይኑ ጊዜ እንዲህ አልነበረም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመኝታ ቤቷ ሆና እነዚሁኑ ሰዎች በሥርዓት መርታለች፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን የእጅ ምልክት ትነካለች፣ ተራዋ ይደርሳል፣ ያሰበችውን ጽፋ፣ ሰርዛ፣ አለስልሳ ታነባለች፣ አንደበተ ርቱዕ እስከ መባል ደርሳለች፣ አባቷ ብቻ ነው ያልተዋጠለት፣ በስልክ የተማረ መሐንዲስ ድልድዩንም በስልክ ይሥራዋ፣ እያለ ይስቃል፣ እሷም ትናደዳለች፣ አሁን ግን፣ ኧረ እውነቱን ይሆን እንዴ።

ቫልቩን የገጠመው ደግሞ ቦቴ ራሱ ነው። ሰውን ፊት ለፊት ተሳስተሃል ማለት! በጽሑፍ ቢሆን ይቅርታ፣ ምናልባት፣ ብላ ትጀምር ነበር፣ እዚህ ግን ሰርዞ መጻፍ የለም፣ ፊቷ እየጋለ ነው፣ መምህሩ ዝግጁ ናችሁ ይላል፣ ቦቴ በደንብ እንጂ ይላል፣ እጁ ወደ ማብሪያው እየሄደ ነው፣ እና እሷ፣ ምን ነካት፣ እጇን ታወጣለች፣ የእውነት እጇን፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጣቷን ቀስራ፣ በአንዲት ጠረጴዛ ዙሪያ።

ሁሉም ወደ እሷ ይዞራል። ባለመነጽሯ ሳቋን ታፍናለች፣ ትሳቅ፣ ቆይ፣ አታብራው፣ ቫልቩ ተገልብጧል፣ ትላለች፣ ድምጿ ቀጭን ነው፣ ቢቀጥንም ይሰማል።

የቦቴ አንገት ትከሻው ውስጥ ይገባል። ወይ ጉድ። ሁለት ዓመት አብራው ስትሠራ ካሜራው ዝግ ነበር፣ ያ ሁሉ ጩኸት ፍርሃት መሆኑን በምን ትወቅ፣ ፈርቷል፣ ከእሷ ይልቅ እሱ ፈርቷል፣ አንጀቷን ይበላዋል፣ ይቅርታ ምናልባት የሚባለው ሁሉ ከአፏ ይጠፋል፣ ና እንፍታው፣ እኔ ቱቦውን እይዝልሃለሁ፣ ትለዋለች። ፍቱት፣ ግን ቶሎ በሉ፣ ይላል መምህሩ። ቀስ በል፣ የቫልቩ ክር እንዳይበላሽ፣ እሺ አለቃ፣ ይላል ቦቴ፣ እያሾፈባት ነው? አይ፣ አላሾፈም፣ ቀዝቃዛ ውሃ በክርኗ ይወርዳል፣ እጅጌዋ ይራስ፣ ግድ የለም፣ ዞረ፣ አጥብቀው፣ ትንሽ ጨምር፣ በቃ።

አንተው አብራው።

ሞተሩ ያጓራል፣ ቱቦው ይንዘፈዘፋል፣ ና ውሃዬ፣ ና እንጂ፣ ላይኛው በርሜል ውስጥ ጠብ፣ ደግሞ ጠብ፣ ከዚያ ፏ ብሎ ይወርዳል፣ ባለመነጽሯ እልል ትላለች፣ ቦቴ ግን ያ ጎርናና ድምፁ የት እንደገባ እንጃ፣ ትከሻዋን መታ ያደርጋታል።