ወላዷ የመራችው መንገድ

«አሁንም እልሃለሁ አባዬ፣ ወላዷን ከፊት አታድርጋት!»

«አንቺ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምረሽ አንድ ነገር ይዘሽ ትነዘንዢኛለሽ። ግመል መጫን ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም?»

«ያስተማርከኝማ አንተ ነህ። ግልገሏ በረት የቀረ ግመል ልቧ ወደኋላ ነው ያልከኝም አንተው ነህ። ጎረምሳው ግመል አለ አይደል? እሱን አስቀድመው።»

«ጎረምሳው ይቸኩላል። በዚህ ዕድሜዬ ከሱ ጋር ልሯሯጥ?»

በረሃ ላይ አንድ ሌሊት ሊያድሩ የመጡት ሁለቱ እንግዶች፣ ጡረታ የወጣ መምህርና ሚስቱ፣ ያልሰሙ መስለው ጫማቸውን ያያሉ። አባትየው የወላዷን አንገት ዳበሰና መሪ ገመዷን ጨበጠ። እውነተኛውን ምክንያት ለማንም አልተናገረም። ወላዷ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ስታይ ትቆማለች፤ እሱም ይቆማል። ካለፈው በጋ ጀምሮ ዓይኑ ከብርሃንና ከጥላ በቀር እምብዛም አይለይለትም። ይህ ከታወቀ ገመዱን ይቀሙታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሌሎችን መመለስ መጠበቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጥተው ጉዞ ጀመሩ። አቧራው ፀሐይዋን ውጧት ስለነበር ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ግራጫ ነበር። ልጅቷ ፊቷን ተከናንባ፣ ውሃውንና ድስቱን ከጫነችው የመጨረሻ ግመል ጎን ትራመዳለች።

«ወገቤ እኮ ለሁለት ተከፈለ!» አለች የመምህሩ ሚስት ከኮርቻው ላይ።

«አንዷንም አልቻልኳት፣ ሁለተኛዋን ማን ሊሸከም ነው?» አለ ባሏ።

አባትየው ሳቀ። ወላዷ ገመዱን ቀስ እያለች ወደ አንድ ጎን ትስበዋለች፤ እሱም መሬቱን የመረጠችለት መስሎት ተከተላት።

ሲመሽ አንድ የአሸዋ ክምር ሥር ሰፈሩ። ግመሎቹን አንበርክከው የፊት እግራቸውን አጥፈው አሰሩ። ልጅቷ ሾርባ ቀቀለች። ራት ሲያበቃ አቧራው ረግቶ ሰማዩ ተገለጠ፤ ከዋክብቱ ተዘረገፉ።

«አባባ፣ እስኪ ኮከቦቹን ያሳዩን እንጂ» አለች የመምህሩ ሚስት።

ከሥራው ሁሉ ይህን ይወድ ነበር። ዱላውን አንስቶ የቱ ቀድሞ እንደሚወጣ፣ የቱ ሲነጋ እንደሚጠልቅ በቃሉ ነገራቸው። ቀጥሎም ዱላውን ወደ አድማሱ ዝቅ አደረገው።

«ያቺን ዝቅ ብላ የምታበራዋን አያችኋት? እሷን በቀኜ ካደረግሁ በድፍን ጨለማም መንገድ አልስትም።»

ልጅቷ ኩባያ እያጠበች ቀና አለች። የከተማቸው የስልክ ማማ መብራት ነበር። ያን ሁሉ ተጉዘው ከገዛ ከተማቸው ጀርባ ሰፍረዋል።

«እንዴት ታምራለች!» አለ መምህሩ። ሚስቱ ፎቶ አነሳች። ልጅቷ ኩባያውን ጨብጣ ቀረች።

እንግዶቹ ሲተኙ አባቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ያ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላል።»

«ኮከብ ሁሉ እንደዚያ ነው።»

«ቀይ ነው፣ አባዬ።»

ከአሸዋው ማዶ ውሻ ጮኸ፤ የጭነት መኪና ጥሩምባም ተሰማ። አባትየው ራሱን አዘንብሎ አዳመጠ።

«የመለሰችን ወላዷ ናት» አለ በመጨረሻ።

«እሷ ናት።»

«እንግዶቹ አወቁ?»

«አላወቁም። ነገ በደረቁ ወንዝ በኩል አዙሬ ከተማ አስገባቸዋለሁ።»

«አንቺ?»

«እኔ።»

ብርድ ልብሱን በእጁ ፈልጎ አገኘውና እስከ አገጩ ሳበው። እንቅልፍ እንዳልወሰደው ከአተነፋፈሱ ታውቃለች።

ጠዋት ጭነቱን ከእሷ ፈጥኖ አሰረ፤ ጣቶቹ ቋጠሮውን አልረሱትም። እሷ ወላዷን ከፊት ፈትታ ወደ ኋላ አዛወረቻትና ጎረምሳውን አስቀደመች። እንግዶቹ በጠፋ ካልሲ ይጨቃጨቃሉ።

«ራስሽ ሻንጣ ውስጥ ከተሽው ይሆናል» ይላል መምህሩ።

«ለእግሬ የማይሆነኝን ምን ላደርገው?»

አባትየው ከሰልፉ ፊት ትንሽ ቆመ። ከዚያ ግመሎቹን አንድ በአንድ እየዳበሰ እስከ መጨረሻዋ፣ እስከ ወላዷ ሄደና መዳፉን ኮርቻዋ ላይ አሳረፈ። ልጅቷ በምላሷ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ገመዱን ሳበች። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። የመምህሩ ሚስት አሁንም ካልሲውን በየኪሱ ትፈልግ ነበር።