የቱቦው ሌላኛው ጫፍ

እና ደግሞ ያዢው ይለኛል፣ ቱቦውን፣ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አቅፎ ያቀብለኛል፣ ጠጋ በይ የኔ ልጅ፣ የማን ልጅ? አፌ ግን እሺ ጋሼ ይላል፣ እማዬ በኩሽናው መስኮት አንገቷን አስግጋ ጋሼ ማለቴን ትሰማለቻ፣ በሆዴ ፍሬቻ ነው የምለው፣ መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰውዬ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቤታችን የታጠፈ።

ፍሬቻ።

ጓሮውን ድንጋይ ሊያነጥፍልን ነው፣ ለእኛ አይደለም ለእሷ፣ ከሥራ ስትመጣ ወንበር አውጥታ እግሯን እንድትዘረጋበት፣ ሣሩን ከነሥሩ ነቃቅሎ መሬቱን በዶማ ገልብጦታል፣ እና በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ንጣፉ ሲያልቅ ጠቅልለህ ትገባለህ አለችው፣ ሁለታችን ብቻ በምንኖርበት ቤት፣ ማን ጠየቀኝ? ስለዚህ አያልቅም። በቃ።

እህ፣ ይላል፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ወሬ አይጀምርም፣ ድንጋይማ ማንም ይደረድራል፣ ሥራው ከሥር ነው፣ ሥሩ ካልተስተካከለ ዝናቡ ቤት ይገባል። ልክ እንዳንተ አልለውም። እሱ ኩሽናው በር ካለው ችካል ጋ አንዱን ጫፍ ይይዛል፣ እኔ አጥሩ ጥግ ካለው ችካል ጋ ሌላውን፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ሁለታችንም ጋ እኩል ይቆማል፣ የቆመበት ላይ በከሰል አጭራለሁ፣ እሱ ከጭረቴ አራት ጣት ዝቅ አድርጎ ሲባጎ ያስራል፣ መሬቱ ወደ አጥሩ ዘቅዘቅ እንዲል። ሁሉም በእኔ ዓይን ላይ ነው። በእኔ ዓይን! እንዲህ ሰው እያመነ ነው መሪ የሚያስይዘው?

ቆመ? ቆመ ጋሼ።

ከሰሉን ከውሃው ስንዝር ከፍ አድርጌ እጭራለሁ፣ ጓሮው ድሮም ወጣ ገባ ስለሆነ ለዓይን አይታወቅም፣ ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን እውጠዋለሁ፣ ጎበዝ ይለኛል፣ ጎበዝማ ነኝ።

ሲባጎውን እየተከተለ ጠጠር ያፈሳል፣ ይጠቀጥቃል፣ አሸዋ ይነሰንሳል፣ ደግሞ ይጠቀጥቃል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፣ እጁ ውሃ ቋጥሯል፣ ደግ አደረግኩ፣ ትንሽ እንኳን አላሳዘነሽም? አላሳዘነኝም። የጎረቤት ደወል ደውዬ እሮጣለሁ፣ የክፍል አለቃችንን ቦርሳ ድንጋይ ሞልቼ ቤቷ ድረስ አሸክሜያታለሁ፣ እነዚያ ቀልድ ናቸው፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ይሄ በር መዝጋት ነው።

አሁን በባልዲ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት ልንፈትሸው ነው ይላል፣ ነይና እዪ ይላታል፣ እማዬ እጇን እየጠረገች ትወጣለች፣ ያፈሰዋል፣ ውሃው ትንሽ ያመነታና ቀጥ ብሎ ወደ ኩሽናችን፣ እንደ ቤተኛ፣ ነጠላ ጫማዋን አርሶ ገባ። በይው። አፏን አያለሁ። አንድ ጓሮ ማስተካከል ያቃተው ቤት ምን ሊያደርግ ይገባል በይው፣ በቃኝ በይው፣ በይ እንጂ እማዬ

ትስቃለች።

ግድግዳውን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪመጣ፣ አንተ ሰውዬ ጓሮ ሥራልኝ አልኩህ እንጂ ዋና ልማር አልኩህ? እንዲህ ስትስቅ መቼ ነው የሰማኋት፣ ከእኔ ጋ እንኳን። እሱ ደግሞ፣ እህ፣ ቱቦው አየር ይዞ ይሆናል፣ እኔ ነኝ ያላየሁት፣ ይላታል፣ እኔን አያየኝም፣ ለምንድነው የማያየኝ? ሁሉንም አንስቼ ከሥር ልጀምረው ነው ይላታል። እሷም ገና ሳቋ ሳያልቅ፣ ታዲያ ምን ያመላልስሃል፣ ዛሬውኑ ሻንጣህን ይዘህ ና፣ እዚሁ እያደርክ ትሠራዋለህ።

ሻንጣህን።

ዛሬውኑ፣ ንጣፉ ሳያልቅ፣ አንድ ድንጋይ እንኳን ሳይነጠፍ፣ ዝም ብዬ ልኩን ብጭርለት ኖሮ ገና ስንት ቀን ነበረኝ፣ ማን አለሽ አንቺ ጅል፣ በገዛ እጅሽ፣ በገዛ ከሰልሽ፣ እማዬ እያንጎራጎረች ኩሽናውን ትወለውላለች፣ እሱ አካፋውን ጥሎ መጣ፣ ያዢው ይለኛል፣ ቱቦውን፣ በሁለት እጁ፣ እይዘዋለሁ፣ ወደዚያኛው ጫፍ ይሄዳል፣ ቆመ? ይላል፣ ቱቦውን ከችካሉ ጋ አጣብቃለሁ፣ ውሃው ይወጣል ይወርዳል፣ አሁን ውሸቴን አይደለም፣ ቆመ ወይ? አልቆመም ጋሼ፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እምቢ አለኝ፣ አልቆመም