የፊተኛው ወንበር

በዓለም አቀፉ ድርጅት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ እያንዳንዱ አገር ፊትና ኋላ ወንበር አለው። ፊት አምባሳደሩ ይቀመጣል፤ ኋላ ደግሞ የአምባሳደሩን ንግግር የጻፈው ሰው። የአንዷ አገር ምክትል አምባሳደር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኋላ ተቀምጣለች። ሦስት አምባሳደሮች እሷ የጻፈችውን አንብበው ተጨብጭቦላቸዋል፤ አንዱማ ሙሉ ገጽ ዘለውም ተጨብጭቦላቸዋል። እናቷ ስብሰባው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የሚያዩት ጆሮዋን ብቻ ነው። "ዛሬ ደግሞ ጉትቻ አላደረግሽም" ብለው ይደውሉላታል።

ሦስተኛው አምባሳደር ጡረታ ሲወጡ፣ አሁንስ ወንበሩ የኔ ነው ብላ ነበር። የተሾመችው ግን ሁሉም ‘ሳቂታ’ የሚላት ባልደረባዋ ናት። ሁለቱ በአንድ ቀን ተቀጥረው፣ አንድ ጠረጴዛ ተጋርተው የሠሩ ጓደኛሞች ናቸው፤ የሳቂታን የመጀመሪያ ሪፖርት ያረመችው ምክትሏ ነበረች። ሹመቱን ስትሰማ ደውላ "እንኳን ደስ ያለሽ" አለቻት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ምሳ አልወርድ አላት። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ታዲያ ሹመት ብቻውን ወንበር ላይ አያስቀምጥም። አዲስ አምባሳደር ከአገሯ መሪ የተጻፈላትን የሹመት ደብዳቤ ለድርጅቱ ዋና ጸሐፊ እስክታስረክብ ድረስ ፊት የምትቀመጠው ምክትሏ ናት። ዓመታዊው ጉባኤ ሐሙስ ነበር። ደብዳቤው ሰኞ ጠዋት ደረሰ። ምክትሏ ፖስታውን ከፈተች፣ ማኅተሙን ትክ ብላ አየችው፣ ከዚያ መሳቢያዋ ውስጥ ከትታ ቆለፈችበት። አንድ ሐሙስ ብቻ ነው የፈለገችው።

ማክሰኞ ሳቂታ ገባች። ሠራተኛው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ተቀበላት። ምክትሏ እንደ ደንቡ "እንኳን በደህና መጡ" ስትላት ሳቂታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

"ኧረ ባክሽ፣ አንቺ በይኝ።"

ይኼ የባሰ አንጀቷን አሳረራት። ወንበሩን ወስዳ ስታበቃ ጥሩ ሰው መሆኗ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ቢያንስ ብትኮራባት በሰላም ትጠላት ነበር።

"ደብዳቤዬ ደረሰ?" አለች ሳቂታ።

"ገና ነው። የኛ ፖስታ መቼ ቶሎ ደርሶ ያውቃል" አለች ምክትሏ፣ ዓይኗን እንኳ ሳታሽ።

ሳቂታ ወሬውን ቀይራ ስለ ቢሮው መጋረጃ ጠየቀች።

ምክትሏ ወዲያው ለእናቷ ደወለች። "እማዬ፣ ሐሙስ ከቴሌቪዥኑ እንዳይርቁ። ሙሉ ፊቴን ነው የሚያዩት።"

ሐሙስ ፊት ተቀመጠች፤ ሳቂታ ከኋላዋ። ተራዋ ሲደርስ መድረኩ ላይ ወጥታ የራሷን ቃል በራሷ አፍ ተናገረች። አንድም ገጽ አልዘለለችም። አዳራሹ ሲያጨበጭብላት ደስታው እንዲህ ከባድ ይሆናል ብላ አላሰበችም።

ከስብሰባው በኋላ ሳቂታ ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት።

"ደብዳቤው ሰኞ መድረሱን ሾፌሩ ነግሮኛል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ ስንመጣ።"

ምክትሏ ክው አለች።

"የማስረከቢያ ቀጠሮዬን ለነገ ያስያዝኩት ገና አገር ቤት ሳለሁ ነው። የድርጅቱን የፕሮቶኮል ኃላፊ ራሴ ደውዬ ለመንኩት። ዛሬ አንቺ እንድትናገሪ ብዬ። በራፉ ላይ ልነግርሽ ስል 'ገና ነው' አልሽኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?"

"ታዲያ አሁን ለምን ነገርሽኝ?"

"እንዳትጨነቂ ብዬ ነዋ። የተቀየምኩሽ እንዳይመስልሽ።"

ምክትሏ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አንቺ እኮ" አለች፣ "የሰረቅሁትን እንኳ ስጦታ ታደርጊብኛለሽ።"