አሥረኛዋ ተማሪ

በጥር ወር ከመኝታዬ የምነሳው ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ግማሽ ሲኒ አጃ በአንድ ሲኒ ውሃ ለክቼ ገንፎ እሠራለሁ፤ መጠኑን ከቀነስኩት አራት ዓመት ሆኖኛል። ከመኪናዬ መስታወት ላይ በረዶውን እፍቃለሁ። ከቤቴ እስከ ኮሌጁ በወንዙ ዳር አሥራ ሁለት ደቂቃ ያስኬዳል። የእህል ጎተራዎቹንና የተዘጋውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፋብሪካ አልፌ ወደ ግራ እታጠፋለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የምዝገባ ቢሮውን ከፍቼ መብራት አበራለሁ።

ኮሌጃችን የአውራጃው ሕዝብ በግብሩ ያቆመው ነው። የትልቁ ዩኒቨርሲቲ ዋጋ የማይቀመስለት፣ ከፋብሪካ የተቀነሰ፣ ልጆቹን አሳድጎ አሁን ደግሞ ለራሴ የሚል ሁሉ ወደ እኔ መስኮት ይመጣል። ብየዳ አለን፤ የነርስ ረዳትነት፣ የጥርስ ንጽሕና፣ የከባድ መኪና መንጃ አለን። ፒያኖ መቃኘትና መጠገንም አለን፤ ወይም ነበረን። ክፍያው ለአንድ ክሬዲት መቶ ዘጠና ስድስት ዶላር ነው። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ካመለከተ በነጻ ይማራል፤ ነገር ግን አንድ ክፍል እንዲከፈት በመጀመሪያው ሳምንት ዓርብ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት አሥር ከፋይ ተማሪ መሙላት አለበት፣ በነጻ የሚማሩት ደግሞ ከአሥሩ ውስጥ አይገቡም። ይህን ለሽማግሌዎች ማስረዳት የእኔ ሥራ ነው።

«ወንበር ይሰጥዎታል፤ ቁጥር ግን አይሆኑም» እላቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ አንድ ጡረተኛ ገበሬ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ታዲያ እኔ ምንድነኝ? ወንበር ላይ የተረሳ ኮፍያ ነኛ!» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ተመዘገበም።

ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ከግድግዳው ማዶ አንዲት ድምፅ ትጀምራለች። ፒያኖ የሚቃኝ ሰው የሚነሳው በመሐል ካለችው፣ «ላ» ከምትባለው ድምፅ ነው፤ እርሷ ካልተስተካከለች ሌሎቹ የሚለኩበት የለም። ቁልፏን ይመታል፣ ያዳምጣል፣ ክሩን በትንሹ ያጠብቃል፣ እንደገና ይመታል። አንዳንዴ አርባ ጊዜ። መስኮቴ ላይ የሚጠብቅ ሰው ይነጫነጫል። ክፍሉን ያቋቋመው ባለቤቴ ሌላንድ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተማረበት። አሁን የሚያስተምረው የእርሱ ተማሪ የነበረው ዶይል ነው። ዶይልም ቁልፉን የሚመታው እንደ ሌላንድ ነው፤ ሁለቴ ጠንከር፣ አንዴ ለስለስ አድርጎ። ከሁለት ዓመት በፊት ወንዙን የሚያሳይ ሰፊ ቢሮ ሊሰጡኝ ነበር። እግሬን ብርድ ስለሚጎዳው አልፈልግም አልኳቸው።

ሰኞ ዕለት ዶይል ወደ መስኮቴ መጣ።

«እትዬ አርዲስ፣ ስንት ደረስን?»

«ዘጠኝ።»

«ዓርብም ዘጠኝ ነበርን።»

«ዛሬም ዘጠኝ ናችሁ።»

«አጎቴን ላስመዝግበው ይሆን? አንድ ጆሮው አይሰማም እንጂ ፒያኖ ይወዳል።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባ አንድ።»

«አይቆጠርም፣ ዶይል።»

«እኔም ይህንኑ ፈርቼ ነበር» ብሎ መዳፉን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ጥቂት አሳርፎ ሄደ። ክፍሉ በዚህ ሴሚስተር ከተዘጋ ተመልሶ እንደማይከፈት ሁለታችንም እናውቃለን። ፒያኖዎቹ ሰፊ ቦታ ይይዛሉ፤ ቦታውን የሚፈልግ ደግሞ ሞልቷል።

ሰዓቱን አየሁ። በሩን ዘግቼ በራሴ ስም ቅጽ ሞላሁ። ሐሙስ ስድሳ ዓመት ይሞላኛል፤ ሰኞ ግን ገና ሃምሳ ዘጠኝ ነበርኩ። ነጻ ወንበር ካልጠየቅኩ ደግሞ ከልደቴ በኋላም ከፋይ እንደሆንኩ እቀጥላለሁ። የአራት ክሬዲቱን ሰባት መቶ ሰማንያ አራት ዶላር በካርዴ ከፈልኩ። የኮምፒውተሩ መዝገብ አሥር አለ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ለምን ብሎ ይጠይቀኛል፤ መልስ ስሰጥ ደግሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየኛል። ያንን አንገት ከሌላንድ ቀብር ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ክፍሉ ገባሁ። ከቀብሩ ሳምንት ወዲህ ደፉን ረግጬ አላውቅም። ስድስት ፒያኖዎች፣ የቆዳና የሙጫ ሽታ። ከማርሊስ ጋር አጣመሩኝ። ማርሊስ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በማጠቢያ ማሽን ፋብሪካው ሃያ ስድስት ዓመት በር ስትገጥም ኖራ ነው የተዘጋባት። የምስክር ወረቀቷን ለማግኘት የቀራት ይህ አንድ ትምህርት ብቻ ነበር። አንድ የፒያኖ ሱቅ ወረቀቱን ካመጣች ሰኔ ላይ ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል።

የክር ማጥበቂያውን መቃኛ እጄ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እንዴ፣ ወይዘሮ አርዲስ፣ እንደ ድስት ክዳን አይጨብጡት እንጂ። የሕፃን እጅ እንደያዙ አድርገው።»

«ሕፃን ይዤ አላውቅም።»

እጇን በእጄ ላይ አድርጋ መቃኛውን በጥቂቱ ገፋነው።

ዶይል ከኋላችን ቆሞ፣ «መምህሬ ‹ጆሮ ይቅደም፣ እጅ ይከተላል› ይሉ ነበር» አለና ወደ እኔ ተመለከተ።

«ሾርባ ሲቀምስም እንዲሁ ይል ነበር» አልኩት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቁልፏን መታኋት። ሁለቴ ጠንከር፣ አንዴ ለስለስ።

ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መዝገቡን አየሁ፤ አሥር። ከዚያ በኋላ ወረፋው በዛ፤ የነርስ ረዳቶቹ የክትባት ወረቀት ይዘው እስከ ኮሪደሩ ተሰልፈው ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ቀና አላልኩም።

በየወሩ መጀመሪያ ዓርብ ሁሉም ከየቤቱ ምግብ ይዞ ይመጣና ምሳ አብረን እንበላለን። የዚያን ቀን የክፍያ መስኮቷ ትሪና ኬክ ጨምራበት ነበር። ትሪና የልብ ሰው ናት፤ የማንንም ልደት አትረሳም። የተማሪ ቁጥር የእኔ ሥራ ነው፣ ክፍያ የእርሷ፤ አንዳችን የሌላችንን መዝገብ እምብዛም አናይም።

«ዝም በሉ፣ ልናገር» አለች ፖስታ ይዛ። «ይቺ ሴትዮ ዓመት ሙሉ ለሰው ሕጉን ስታስረዳ ትውላለች። ለራሷ ሲሆን ግን ሦስት ቀን መጠበቅ አቃታት። ሰኞ ተመዝግባ ሙሉውን ከፍላ አገኘኋት! በሐሙስ ነጻ የሚሆንላትን!»

«የፒያኖ ሱስ ይዟት ነው» አለ የጥበቃው ኃላፊ።

«እርጅና ነው እንጂ፣ ቀን መቁጠር ጠፍቷት» አለች ትሪና፤ ሁሉም ሳቀ። «በይ አትጨነቂ፣ እመቤቴ። እኔው አመልክቼልሽ እኔው አጸደቅኩልሽ። ገንዘብሽ ሙሉ በሙሉ ይመለስልሻል። እንኳን ለስድሳ አደረሰሽ!»

«መቼ ነው ያጸደቅሽው?»

«ዛሬ፣ አራት ተኩል ላይ። ምነው?»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ተኩል ይል ነበር።

«ምንም። እግዜር ይስጥሽ፣ ትሪና።»

አቀፈችኝ። ኬኩ የሎሚ ነበር፤ የተሰጠኝን ጨርሼ በላሁ።

ወደ ኃላፊያችን ወደ አቶ ፕሩዊት ቢሮ ስገባ የስድስት ሰዓቱ የተማሪ ቁጥር ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዘጠኝ።

«ስሕተት ነው» አልኩት። «እኔ ከፋይ ነበርኩ። ማመልከቻው ያለ እኔ ነው የገባው። ይመለስና እከፍላለሁ።»

መነጽሩን አወለቀ። «መዝገቡ ተዘግቷል፣ አርዲስ። ባለፈው መከር የማታውን ብየዳ በዘጠኝ ዘጋሁት። አንዱ ተማሪ ገንዘቡን ይዞ ከሰዓት በኋላ መጣ፣ አልተቀበልነውም። ያንን ወረቀት ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ካልሆነ ሌላ የተለየ ምክንያት ካለሽ ንገሪኝ። ከበላይ ጋር ልነጋገርበት እችላለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። አንገቱ ሊዘነብል ሲል አየሁት።

«መማር ፈልጌ ነው» አልኩ።

መነጽሩን አደረገና ፈረመ።

ሰኞ ጠዋት ማርሊስ መስኮቴ ላይ ቆመች። ከኮትዋ ላይ በረዶው እየቀለጠ ይንጠባጠባል።

«ዘጠኝ ናችሁ ተብሎ ተዘጋ አሉኝ። እኔ እኮ ረቡዕ ቆጥሬያለሁ። ከእርስዎ ጋር አሥር ነበርን።»

«ስድሳ ሞላኝ፣ ማርሊስ።»

«እና?»

«ወንበር ነበረኝ። ቁጥር አልሆንኩም።»

ልትሰድበኝ የምትችል መስሎኝ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔም ፋብሪካው ሲዘጋ ሰባት ቀን ጎድሎኝ ነው ጡረታው ያመለጠኝ» አለች። «ቁጥር እንዲህ ነው።» ትምህርቱ ያለበት ሌላ ኮሌጅ ከወንዙ ማዶ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የሚጀምረውም ሰኔ ላይ ነው። የማዛወሪያ ቅጹን ሞላሁላት፤ ውጤቷን ዘርዝሬ ማኅተም መታሁበት። ለቤንዚን የሚሆን ድጎማ እንዳለ ፈልጌ አገኘሁላት፤ ከፊሉን ይሸፍናል። ቅጹን አጥፋ በኪሷ ከተተች።

«ሰኔ ሊያልፈኝ ነው» አለች። «የሱቁ ሰዎች እስከ መስከረም ካልጠበቁኝ።» ወጣች።

ለትሪና አልነገርኳትም። ገንዘቡ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ። እርሷም ደረሰኙን ይዛልኝ መጥታ፣ «ክፍሉ ቢዘጋም አንቺ ምንም አልጎደለብሽም» አለችኝ። አዎ አልኳት።

የካቲት ላይ የጭነት መኪና መጥቶ ፒያኖዎቹን ወሰደ። ዶይል በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞረ እየቃኘ ነው ይባላል። ክፍሉ ደም መቅዳት ለሚማሩ ተሰጠ፤ ሃያ ሁለት ናቸው፣ ተራ የሚጠብቁም አሉ። በላስቲክ ክንድ ላይ መርፌ መውጋት ይለማመዳሉ፤ ድምፅ የላቸውም። የወንዝ ዳሩ ቢሮ እንደገና ሲቀርብልኝ እግሬ ተሽሎታል አልኩ፤ ግን እስካሁን አልተዛወርኩም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮውን ከፍቼ መብራት አበራለሁ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ይሆናል። ከግድግዳው ማዶ ላ የለችም።