የውባለም አውራ ጣት

ውባለም ፊቷን ለፀሐይ ትሰጥ ይሆናል እንጂ እግሯን ለሰው ዓይን አትሰጥም። ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል። የጉለሌ ሴቶች ወንዝ ሲወርዱ «ምን ደብቃ ነው?» እየተባባሉ ያሟት ነበር። አንዷ ስድስት ጣት አላት አለች፣ ሌላዋ የለም ቁርጥማት ነው አለች። ነገሩ ግን ሌላ ነው። አውራ ጣቷ ከጎረቤቱ ጋር የተኳረፈ ይመስል ለብቻው ወደ ውጭ ወጥቷል፤ በመካከላቸው ከላይ በኩል ያለው ቆዳ ደድሮ እንደ ቀንድ ሆኗል። እንዲህ ያደረጋት ፈረስ ነው።

አባቷ የአንድ ትልቅ ሰው ባልደራስ ነበሩ፤ የጌትየው ፈረሶች ሁሉ በእሳቸው እጅ ናቸው። ውባለም ልጅ ሆና ደረቷን ያማት፣ ሌት ተቀን ያስላት ነበር። አባት ሆዬ ጠበልም ሥርም ሞክረው ሲያቅታቸው አንስተው ፈረስ ላይ አወጧት። «ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ሳይወድ በግዱ ቀጥ ብሎ ይተነፍሳል» ይሉ ነበር። እውነትም ሳሉ ለቀቃት፣ ጀርባዋ ቀና፣ ስትራመድ የሚያያት ወንድ መንገድ የሚለቅላት ሆነች። ምቀኛ መቼም አይጠፋም፣ «ማህፀኗ ተናግቷል፣ አትወልድም» አሉ። እሷ እቴ! ጆሮም አልሰጠቻቸው።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ይሄ የልጅነት መድኃኒት ሌላ ሥራ ያዘ። ውባለም ቀን ቀን ለሸማኔዎች ጥጥ ትፈትላለች። ጎህ ሲቀድ ግን የሟች ባሏን ጋቢ ተከናንባ፣ ከእንጦጦ ማዶ ላሉት አርበኞች ወረቀት ታደርሳለች። ፈረሷ ጉራቹ የሚያድረው በጨው ነጋዴዋ በሩቅያ ግቢ፣ በጭነት በቅሎዎቹ መሃል ነው። ሁልጊዜ ኮርቻ ከመጫኗ በፊት መዳፏ ላይ ትንሽ ጨው አድርጋ ታስልሰዋለች። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ እንዳላወቀ ነው። ያ ሐሜተኛ ሰፈር አንድ ነገር ዋጥ አድርጎ ሲይዝ የታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ ከቁስቋም በላይ ባህር ዛፉ ውስጥ፣ ባንዶች ተኮሱባት። ፈረሱ ሲዘል ኮርቻው ዞረ። ኮርቻውን ከፈረሱ ሆድ ጋር የሚያስረው ጠፍር ባንድ ወገን ተበልቶ ነበር፤ ቅዳሜ አሰፋዋለሁ ስትል ሰንብታ፣ ይኸው መሬት ላይ ዘረጋት። ወረቀቱን ዋጠችው። እንዳለች ቁልቁል በጫካው ወረደች። ጉራቹን ያዙት።

ቤቷ ገብታ ጋቢውን የማገዶ እንጨት ሥር ቀብራ፣ እንዝርቷን ይዛ በሯ ላይ ከመቀመጧ ባንዶቹ ጉለሌ ደረሱ።

ፊት ፊት የሚሄደው ባሻ ዓምሃ የሚባል ሰው ነው። ድሮ የጌታ ፈረስ ጠባቂ ነበር፣ ዛሬ የጣሊያን ፈረስ ሆኗል ይሉታል፤ በሌለበት ነው የሚሉት። ከኋላው ቴኔንቴው፣ ማለት የጣሊያኑ መኮንን፣ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። በስተመጨረሻ ጉራቹ እየተጎተተ መጣ። ውባለም እንዝርቷን እንደያዘች ከሴቶቹ መሃል ሆና አየችው። ላቡ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ውሃ አላጠጡትም፣ ልጓሙን አላወለቁለትም። ኮርቻውን ያለ አግባቡ ወደ ፊት ገፍተው አስረውት፣ ከኮርቻው ልብስ ከግላሱ ሥር በትከሻው ላይ ደም ይወርዳል።

ባሻ ዓምሃ ከኮርቻው ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ የብረት ቀለበት ይዞ አወዛወዘ። እርካብ ነው፣ ግን እንደ ጣሊያኑ ሙሉ ጫማ የሚያስገባ እርካብ አይደለም። የሚያስገባው አውራ ጣት ብቻ ነው።

«በዚህ የሚጋልብ ሰው እግሩ ላይ ማኅተም አለበት!» አለ። «ወንድ የተባለ ሁሉ ይሰለፍ! እግሩን ወደ ፊት ያውጣ!»

ወንዶቹ ተሰለፉ። መጀመሪያ ቶለሳ ላይ ደረሰ። የቶለሳ አውራ ጣት እንደ ሹካ ተፈልቅቋል።

«ያዝኩህ! ፈረሰኛ!»

«እኔ ጌታዬ? እኔ እኮ መደብ ላይ ስወጣ የሚያዞረኝ ሰው ነኝ። ሚስቴን ይጠይቋት።»

«እውነቱን ነው ባሻ!» አለች ሚስቱ ቡርቱካን ከወዲያ። «ከመደብም ወድቆ ያውቃል!»

ሴቶቹ ሊስቁ ሲሉ አለንጋው ጮኸ። ቀጥሎ በዳሳ። የእሱም ጣት ያው። ቀጥሎ ደቻሳ። ያው። ባሻ ዓምሃ በሰልፉ መጨረሻ ሲደርስ ዘጠኝ ሰው ነጥሎ አቆመ። ዘጠኙም ሸማኔ ናቸው።

«ዘጠኝ ፈረሰኛ፣ ቴኔንቴ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። ቴኔንቴው በእጁ ምልክት ሰጠ። ገመድ ወጣ። በዚያ ዓመት በገመድ ታስሮ ወደ ከርቸሌ የወረደ ሰው አይመለስም ነበር።

ውባለም ዘጠኝ ሰው በእሷ ጣት ሲሄድ ታያት። የቡርቱካን ሆድ ገፍቷል፤ ወሯ ገብቷል። ውባለም «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ወዲያው ሩቅያ ወገቧን ቆነጠጠቻት።

«ዝም በይ አንቺ! ጋሽ ሾዴ ሊናገር ነው።»

ሾዴ የሸማኔዎቹ ታላቅ ነው። ገመዱ እጁ ላይ ሳለ ተረጋግቶ፣ «ባሻ» አለ፣ «የለበሱትን ጋቢ ማን ሠራው?»

«ሸማኔ ነዋ!»

«በምኑ?»

«በእጁ ነዋ! ምን ይጃጃላል ይሄ ሽማግሌ!»

«እግሩስ የት ነበር?»

ሸማኔ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ሰዶ ነው የሚሠራ። ጋቢውን ሁሉም ይለብሳል፣ እጁንም አላፊ አግዳሚው ያያል። ጉድጓዱን ጎንበስ ብሎ ያየ ጌታ ግን የለም።

«ይምጡ ላሳይዎ» አለ ሾዴ።

ጎጆው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ባሻ ዓምሃ ከነሱሪው ተንበርክኮ አንገቱን ጉድጓዱ ውስጥ አስገባ። እዚያ ታች ሁለት የመርገጫ ገመዶች አሉ፤ ሾዴ እያንዳንዱን በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣቱ መካከል ቆንጥጦ ይዞ፣ አንዱን ሲረግጥ አንዱን ይለቃል። ቴኔንቴው በር ላይ ቆሞ የሚታየው የባሻ ዓምሃ መቀመጫ ብቻ ነበር። ሆዱን እስኪያመው ሳቀ። የዘጠኙም ሰዎች ገመድ ተፈታ።

ባሻ ዓምሃ ብድግ ሲል ግንባሩና ጉልበቱ አፈር ነው። በጌታው ፊት የተሳቀበት ሰው እንዴት ያስፈራል!

«ደግ» አለ። «እንግዲህ ፈረሱ ራሱ ይናገር።» የልጓሙን ዛብ ለቀቀው።

ጉራቹ እያነከሰ በወንዶቹ ፊት አለፈ። ቶለሳን አለፈ። በዳሳን አለፈ። «አትምጣ» አለች ውባለም በልቧ፣ «አትምጣ የኔ ጌታ፣ እባክህን አትምጣ።» ፈረስ ምን ያውቃል! ሴቶቹን በአፍንጫው እየገፋ መጥቶ፣ ሙቅ አፉን መዳፏ ውስጥ ከተተ።

ባሻ ዓምሃም ፈረሱን ተከትሎ መጣ።

«ውይ! የጨው ሌባ!» ብላ ጮኸች ሩቅያ። «አሁን ገና አንድ እፍኝ ጨው ገዝታኝ ነው እኮ! ሂድ! ሂድ ወዲያ!» ከመቀነቷ ጨው አውጥታ መሬት ላይ በተነችው። ጉራቹም ይባረክ፣ ጎንበስ ብሎ ይልስ ጀመር።

ባሻ ዓምሃ ፈገግ አለ። ዓይኑ ግን ጨውን አላየም። ጉድጓድ ያየ ዓይን፣ አሁን ማንም የማያየውን ማየት ለምዷል፤ ቁልቁል ወደ ውባለም ቀሚስ ሄደ።

«ከፍ አድርጊው።»

«ኧረ በሕግ! ኧረ ነውር ነው!» አሉ ሴቶቹ። እሱ በአለንጋው እጀታ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገለጠው። ስድስት ጣት የለ፣ ቁርጥማት የለ። አውራ ጣቷ እንደዚያ ተኳርፎ ወጥቷል።

«ይሄስ?» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺም ሸማኔ ነሽ?»

ሴት ትፈትላለች፤ ሴት አትሸምንም። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እግሯን የምትሰድ ሴት አልነበረችም፣ ማሰቡም ያሳፍራል።

«አዎ» አለች ውባለም።

ሁሉም ወደ ሾዴ ዞረ። ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «ምን ላድርግ ባሻ» አለ፣ «ወንድ ልጅ የለኝ፣ ጉልበቴም ደከመ። በር ዘግቼ አሠራታለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ቶለሳ መሬት ላይ እንትፍ አለ። «ጋሽ ሾዴ! ይሄን ነው ስትሠራ የኖርከው? ሴት አስገብተህ?» ሴቶቹም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የእውነት ይሁን የማስመሰል እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«ግቢ እስኪ» አለ ባሻ ዓምሃ።

ውባለም ገባች። ተቀመጠች። እግሯን ቁልቁል ወደ ጨለማው ሰደደች። ለሾዴ ፈትል ስታቀብል አሥር ዓመት እጁን አይታለች፤ እግሩን ግን አይታ አታውቅም። ጣቷ ታች ሲዳብስ ገመዱን አገኘ። ያዘው። ወይ ጉድ! እርካብ ነው። ያው የለመደችው እርካብ። አባቷ «አትጭመቂው፣ ተደገፊው ብቻ» ይሏት የነበረው ትዝ አላት። ቀኝ ረገጠች፣ ድሩ ተከፈተ። መወርወሪያውን ላከች። ግራ ረገጠች። ቀኝ። ግራ። ፈረስ በሶምሶማ እንደሚሄድ አድርጋ ያዘችው። የምትሠራው ነገር አንድ ወገኑ ጠቦ አንድ ወገኑ ሰፍቶ የሚያሳፍር ነው፤ ብቻ ጨርቅ ነው።

ባሻ ዓምሃ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ አያት፣ አያትና ተነስቶ ወጣ። ከውጭ የጠመንጃ መቀባበል ተሰማ።

«ይሄ ፈረስ ጀርባው ተልጧል» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ከእንግዲህ አይረባም። እዚሁ ልገላግለው።»

የውባለም እግር ዘለለ። ድሩ ጧ! ብሎ ተበጠሰ።

ሾዴ ትከሻዋን በጥፊ መታት። «ይኸው! ዛሬም በጠስሽው! ስንት ቀን ልንገርሽ፣ እግርሽን ሰከን አድርጊ እያልኩ! ለዚህ ነው ሴት ያልተፈቀደላት!»

አልዞረችም። ጥይቱን እየጠበቀች፣ የተበጠሱትን ክሮች አንድ ባንድ ፈልጋ ቋጠረች። ቋጠሮው እየሾለከ አስቸገራት። እንደገና ቋጠረች። ቀኝ። ግራ። እንባዋ ጨርቁ ላይ ጠብ ሲል በክርኗ ሸፈነችው።

ጥይት አልተተኮሰም። ቴኔንቴው «ባስታ!» ብሎ ጮኸ፤ ያቺን ቃል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል፣ በቃ ማለት ናት። ርቦታል፣ ወንበሩን አስነሳ።

ባሻ ዓምሃ ተመልሶ በሩ ላይ ጎንበስ አለ። «የሸማኔ ጣት ከጎኑ ነው የሚደድር» አላት በሹክሹክታ። «ያንቺ ከላይ ነው። ዛሬ ሁለተኛ ጊዜ አይሳቅብኝም። ነገ ግን ብቻዬን እመጣለሁ።»

ወጣና አይረባም ባለው በዚያው በጉራቹ ላይ ሊወጣ ተዘጋጀ። ጠፍሩን ስቦ፣ ስቦ፣ ከመጨረሻው ቀዳዳ አደረሰው። ውባለም ከጎጆው ውስጥ ሆና አየችው። ያ የተበላው ወገን በላብ ርሶ፣ በአንድ ጣት ውፍረት ብቻ ተንጠልጥሏል። የባልደራስ ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለ ኮርቻ ላይ ሰው ሲወጣ ዝም ማለት አልለመደችም። «ኧረ ጠፍሩ!» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ዋጠችው። ጠዋት ወረቀት፣ ረፋዱ ላይ ቃል፣ ያን ቀን ስትውጥ ነው የዋለችው።

ጉራቹ ገብስ የሚበላበት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት ግድም፣ በሩቅያ ግቢ በር ላይ ኮቴ ተሰማ። ጉራቹ ብቻውን ነው፤ ኮርቻ የለ፣ ግላስ የለ፣ ባሻ ዓምሃም የለ። ባሻ ዓምሃ ዳገቱ ላይ ከነኮርቻው ገደል ገብቶ ወገቡ መሰበሩ፣ ቴኔንቴውም ሁለተኛ ጊዜ መሳቁ የተሰማው በማግስቱ ነው። ውባለም ግን ማግስቱን አልጠበቀችም። ስንቋን ቋጥራለች።

መጀመሪያ ውሃ አጠጣችው፣ ግን ቶሎ ቶሎ እየከለከለች፣ በጥቂት በጥቂቱ። ለብ ባለ የጨው ውሃ ትከሻውን አጠበችለት። ቅቤ ቀባችው። ጉራቹ ቆዳውን እያንቀጠቀጠ ቻለላት።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ሩቅያ ዙሪያውን እያየች። «ውጪበትና ብረሪ እንጂ! ቢደርሱብሽስ?»

«ጀርባው ተልጧል ሩቅዬ።»

«ያንቺ አንገት አይበልጥም?»

«አንገቴን በእግሬ አደርሰዋለሁ።»

ሾዴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ያንን የተንሻፈፈ ጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዟል። «ሂጂ ልጄ» አላት። «ሊጠይቁ ቢመጡ ድር እየበጠሰች አስቸገረችኝ፣ አባረርኳት እላለሁ። ሐሰትም የለውም።»

ውባለም ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ሻጠችው። ሰፈሩ በሙሉ እያያት፣ ከፈረሷ ጎን ጎን፣ በባዶ እግሯ የእንጦጦን ዳገት ያዘች።